የመምህርት ጽጌ ገበቴ

መምህርት ጽጌ መሞቷን የሰማሁት ጋሸና መገንጠያ ላይ መኪና ስጠብቅ ነው። የነገረኝ ሰው ብርቱካን እየላጠ ነበር። «ያቺ መነጽራም አስተማሪ ትዝ ትልሃለች? ላሊበላ የነበረችው? ደሴ ሞተች አሉ፤ ከርማለች» አለና ልጣጩን መንገዱ ላይ ወረወረው። «ከርማለች» ማለቱ አናደደኝ። ሰው ሞቶ የሚከርም ዱቄት ነው እንዴ?  መኪናው ሲመጣ ከሰውዬው ጎን ባዶ ወንበር ነበር፤ እኔ ግን እስከ ላሊበላ ቆሜ ሄድኩ።

እኔ ሰው ማድነቅ አይሆንልኝም። በጃንሆይ ጊዜ የባላባት ድንጋይ ስጠርብ ኖሬ ምስጋና አላገኘሁም፤ በደርግ ጊዜ ምስጋናው በየስብሰባው ሞልቶ ነበር፤ ከምስጋናው ሌላ ግን ምንም አልነበረም። የተማረ ሰው ሲባል ቀድሞ የሚታየኝ ማይክራፎን የጨበጠ እጅ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ሚስት አግብቼ፣ ልጅ ቀብሬ፣ ጢሜ ሽበት ከጣለ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ያስቆጠረችኝ ይህችው ጽጌ ናት። እሷ «ጋሼ አበጀ» ብላ እርስዎ ትለኛለች፤ እኔ አንቺ እላታለሁ። ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ነበረች። እርስዎ ልላት ያማረኝ አሁን ነው፤ አሁን ደግሞ የሚሰማ የለም።

የደሴ ልጅ ናት። ፊዚክስ እንድታስተምር ተመድባ መጣች፤ እኔ የዚያው ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ቀጭን ናት፤ መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ ያክላል። እሱን ስታወልቅ በሬና ሰው አትለይም። ጣቶቿ ሁልጊዜ ወይ ጠመኔ ወይ ጭቃ ስለነካቸው መነጽሯን ወደ ላይ የምትገፋው በእጇ አንጓ ነበር። ሰው ሲያናግራት አንድ ጊዜ ገፋ ታደርገዋለች፤ ያኔ የሚመጣው መልስ እንደማይጥምህ ታውቃለህ።

አንድ ቀን ከሆቴል የተጣለ፣ የተሰነጠቀ የጠረጴዛ መስታወት ተሸክማ መጣች። የጣት ውፍረት አለው።

«ይህ ደግሞ ለምንሽ ነው?» አልኳት።

«ጨረቃን ላይበት።»

«ጨረቃ ለማየት መስታወት ምን ያደርጋል? ቀና ማለት ነው እንጂ።»

መነጽሯን ገፋ አደረገች። «ጋሼ አበጀ፣ ዝናብ ሲመጣ ደጅ የሚያወጡት ምንድን ነው?»

«ያገኘሁትን።»

«ስኒ ያወጣሉ?»

«ምን ቆርጦኝ? ገበቴ አወጣለሁ እንጂ።»

«ለምን?»

«አፉ ሰፊ ነዋ። ብዙ ይይዛል።»

«ዓይንዎ ስኒ ናት» አለችኝ። «ብርሃን ከሰማይ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ከሩቅ የሚመጣው ግን ካፊያ ነው፤ ካፊያ በስኒ ቢጠብቁት ታቹ እንኳ አይርስም። እኔ የምሠራው ገበቴ ነው።»

«ከያዝሽው በኋላስ?»

«የገበቴው ሆድ ጎድጎድ ያለ ነው። ያረፈበትን ብርሃን ሁሉ መልሶ ወደ አንድ ቦታ ይልከዋል። እዚያ ቦታ ላይ ሽምብራ የምታክል ጨረቃ ትሠራለች። እሷን በትንሽ ማጉያ ቀርበን እናያታለን።»

ሽምብራ የምታክል ጨረቃ። ሥራ ፈት ናት ብዬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ቀን ማታ ውሃ ልጠጣ ስኒ ሳነሳ ዓይኔ ስኒዋ ላይ ቀረ።

ክረምቱን ሙሉ ፈጋች። መስታወቱን እኩል ሁለት ክብ አስቆረጠችው። የትምህርት ቤቱን አሮጌ በርሜል እንዳይነቃነቅ ድንጋይ ሞላችበትና አንዱን ክብ አናቱ ላይ አጣበቀችው። በላዩ ውሃና ደሴ ጋራዥ ቫልቭ የሚሞርዱበት ዱቄት ታፈሳለች። ሁለተኛውን ክብ ትደርብና ወደ ፊት ትገፋለች፣ ወደ ኋላ ትስባለች፣ ትንሽ ታዞረዋለች፣ አንድ እርምጃ በርሜሉን ትዞራለች። እንደገና ትገፋለች። በትምህርት ቤቱ አጥር የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያያታል። ከመንገዱ ማዶ ጠላ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት ከደጇ ሆና «መምህርት፣ ዛሬስ ቅዳሴው አለቀ?» ትላታለች። ጽጌ ቀና ሳትል «ገና ሃሌ ሉያ ላይ ነን» ትመልሳለች።

አንድ ሳምንት ያህል ቆሜ አየኋት። ከዚያ በኋላ መቆሙ አሳፈረኝና ሌላውን ፈረቃ እኔ ያዝኩ። እኔ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ፤ ድንጋይን የምትፈልገውን ቅርጽ በመሮና በመዶሻ ታስገድደዋለህ። እዚህ ማስገደድ የለም። የላይኛው መስታወት ከመሀሉ እየተበላ ይጎደጉዳል፤ የታችኛው ከዳሩ እየተበላ ይጎብጣል። ማንም ሳይለካው።

«እንዴት ልኩን ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሁለት ነገር በየትም በኩል ቢንሸራተት ክፍተት ሳይተው የሚገጥመው ኳስና የኳስ ጎድጓዳ ሲሆን ብቻ ነው» አለች። «ሌላ መውጫ የለውም። እኛ መዞር ብቻ ነው። እናንተ አገር እኮ ቤተ ክርስቲያኑም በመቀነስ ነው የተሠራው፤ ለእርስዎ ይህ ምኑ ይገርማል?»

ገረመኝ እንጂ። ዱቄቱ እየላመ ሄደ፤ በመጨረሻም በመንገድ ሬንጅና በቀይ የዝገት ዱቄት ሆነ ማለስለሱ። ነሐሴ ላይ መስታወቱ እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። አለቀ ብዬ ደስ ሲለኝ «ገና ነው፤ እንመርምረው» አለች።

የዕቃ ግምጃ ቤቱን መስኮት በማዳበሪያ ከረጢት ጋረደችው። መስታወቱን በአንድ ጥግ አቆመችው። በሌላው ጥግ ኩራዝ አበራችና በቆርቆሮ ከደነችው፤ ቆርቆሮው በመርፌ የተበሳ ቀዳዳ አለው። ከቀዳዳዋ የወጣው ብርሃን መስታወቱ ድረስ ይሄድና ተመልሶ ከኩራዙ አጠገብ አንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። በነጥቡ ላይ ምላጭ ቀስ አድርጋ አስጠጋችና ዓይኔን ከምላጩ ኋላ እንዳደርግ ነገረችኝ። መስታወቱ ሁሉ በአንዴ ዳመና እንዳለፈበት መስክ ጠቆረ። «ብርሃኑ ሁሉ አንድ ቦታ ከደረሰ እንዲህ እኩል ይጠቁራል» አለች። «አንድ ቦታ እንኳ ቢዛነፍ ኮረብታ ሆኖ ይታይዎታል። አሁን ይሂዱና አውራ ጣትዎን መስታወቱ ላይ አሳርፈው ይምጡ።»

አሳረፍኩ። ተመልሼ አየሁ። ጣቴ ያረፈበት ቦታ ላይ ኮረብታ ቆሟል። ጥላ ያለው፣ ጎን ያለው ኮረብታ። በእጄ ስዳስሰው ምንም የለም፤ ልሙጥ ነው። በምላጩ ኋላ ሳየው ተራራ ነው።

«ምንድን ነው?»

«የጣትዎ ሙቀት ነው። መስታወቱ ትንሽ ስለሞቀ አበጠ።»

ቆሜ ሳየው ኮረብታው ቀስ እያለ ወደ መስታወቱ ተመልሶ ጠፋ። እኔን በሕይወቴ ብዙ ሰው ነክቶኛል፤ አለንጋም ነክቶኛል። የእኔ መንካት ግን በዚህ ዓለም ላይ የሚታይ ነገር መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት። ለጽጌ ይህን አልነገርኳትም። «እጄ ቆሻሻ ነበረ» አልኳት፤ «በጥጥ እጠርገዋለሁ» አለች።

ከዚያ መስታወቱን በብር ለበጠችው። ከደሴ ይዛው የመጣችውን በጥቁር ጠርሙስ ያለ መድኃኒት ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ባገኘችው ስኳሯ በጠበጠችና መስታወቱ ላይ አፈሰሰችው። ቡናማ ሆነ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ ከጭቃው ሥር የእኔ ፊት ብቅ አለ። ስኳሯን ጨርሳ ወሩን ሁሉ መራራ ሻይ ጠጣች። አናጢ የእንጨት ቱቦ ሠራላት፤ መስታወቱ ታች ተቀመጠ፣ ከቱቦው አፍ አጠገብ ደግሞ ብርሃኑን ወደ ጎን የምታጥፍ ትንሽ መስታወት ተሰቀለች፤ ማጉያው እዚያ ጎኑ ላይ ነው። ሰማዩ ሲጠራ፣ ጥቅምት ላይ፣ ቱቦውን ግቢው ውስጥ በሦስት እግር ላይ አቆምነው።

ከተማው መድፍ ተተከለ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ጓድ ታደለ የሚሉት የወረዳው ካድሬ ሁለት ጥበቃ አስከትሎ መጣ። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ፈሪ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ከክፉ ይልቅ ፈሪ ነበር የሚያስፈራው።

«ይህ ወዴት ነው የሚያነጣጥረው?» አለ።

«ወደ ሰማይ» አለች ጽጌ።

«ሰማይ ላይ ምን ጠላት አለን?»

«ጠላት ሳይሆን ጨረቃ ነው። ማታ ይምጡና ያያሉ።»

«ቀን የማይሠራ ነገር ማታ ለምን ይሠራል?» አለና ቱቦውን ራሱ አዞረው። ትምህርት ቤቱ ከፍታ ላይ ነው፤ ከታች አደባባዩ ይታያል። አደባባዩ ዳር የሊቀ መንበሩ ትልቅ ሥዕል ቆሟል፤ ከቡትስ ጫማው እስከ ቆቡ ሙሉ ቁመቱ። ቱቦው ወደዚያ ዞረ።

«ጓድ፣ ከማየትዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች።

«ዝም በይ፤ በዓይኔ ላረጋግጥ።»

ማጉያውን እያዞረች አጠራችለት። ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አለና ወደ አደባባዩ በባዶ ዓይኑ አየ። እንደገና ጎንበስ አለ። ሲነሳ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማነው የዘቀዘቃቸው?»

«መስታወቱ ነው። ሁሉንም ነገር እንዲህ ነው የሚያሳየው፤ ልነግርዎት የነበረው ይህንኑ…»

«መስታወት ያለ ሰው ትእዛዝ ሰው አይዘቀዝቅም።»

ከጥበቃዎቹ አንዱ ሊያይ አንገቱን ሲያሰግግ ጮኸበት። ተማሪው ሁሉ ከአጥሩ ሥር ቆሟል። የአብዮቱ መሪ በሕዝብ ፊት እግሩ ወደ ላይ ተሰቅሎ ታይቷል፤ ካድሬው ዝም ቢል ነገ ዝም አለ ተብሎ እሱ ራሱ ይከሰሳል። እኔና ጽጌ ተይዘን ሄድን። «ቅዳሜ መኪና ሲመጣ ደሴ ትላካላችሁ» አለን። በዚያ ዘመን እንዲህ ባለ ክስ ደሴ የተላከ ሰው የሚመለሰው ልብሱ ነው።

እስር ቤቱ አደባባዩ ዳር ያለ፣ ድሮ እህል የሚከማችበት የድንጋይ ቤት ነው። መስኮቱ በቆርቆሮ ተመትቷል። ሁለት ሰዎች አገኘን። አንዱ የገነተ ማርያሙ አባ ወልደ ሰንበት ናቸው፤ በቀበሌ ስብሰባ ቀን የጽዋ ማኅበር አስጠጥተዋል ተብለው ነው። ሌላው ሞላ የሚባል የኩልመስክ ገበሬ፣ እህሉን በመንግሥት ዋጋ አልሸጥም ያለ። ጽጌን ሴት ናት ብለው ማታ ማታ ከጽሕፈት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ጋር ያሳድሯታል፤ ቀን ከእኛው ጋር ናት።

በማግስቱ ጠዋት እሷን አምጥተው በሩን እንደ ዘጉ አባ ክንዴን ያዙኝ። «አሁን ዝም ብላችሁ ግድግዳውን እዩ። ለማንም እንዳታወሩ።»

በጨለማው ውስጥ፣ ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ነገር መታየት ጀመረ። መጀመሪያ የእርጥበት ምልክት መሰለኝ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሰማያዊ ሆነ፤ ሰማያዊው ታች ነው። ላዩ ላይ አፈር የመሰለ ቀለም፣ ከአፈሩ ላይ ወደ ታች የተንጠለጠሉ ሰዎች ይንቀሳቀሳሉ። አህያ በጀርባዋ ሰማይ እየረገጠች አለፈች። መሀሉ ላይ፣ ስንዝር የሚያክል፣ የሊቀ መንበሩ ሥዕል ቡትሱን ወደ ላይ አድርጎ ተዘቅዝቋል።

«በየጠዋቱ ነው» አሉ አባ በሹክሹክታ። «ፀሐይ አደባባዩን ስትመታ ይመጣል። ይህ መንግሥት እንደሚገለበጥ እግዚአብሔር ጽፎ አሳየን። እኔ ከገባሁ ጀምሮ የጠበቀኝ ይህ ነው።»

«ለእኔስ ሚስቴን ያመጣልኛል» አለ ሞላ። «ስንቅ ይዛ በጭንቅላቷ እየሄደች ትመጣለች። መቀነቷን አይቼ አውቃታለሁ። ፊት ለፊት አያገናኙንም፤ ያለችኝ እዚህ ግድግዳ ላይ ናት።»

ጽጌን አየኋት። እሷ ግን ግድግዳውን ትታ ዞራ መስኮቱን እያየች ነበር። ቆርቆሮው ላይ የተነቀለ ምስማር ቀዳዳ አለ። በመዳፏ ከደነችው፤ ግድግዳው ጠፋ። አነሳችው፤ ግድግዳው ተመለሰ። ሳቀች። ከያዙን ጀምሮ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ከሥዕሉ ቆብ የተነሳው ብርሃን ከላይ ወደ ታች ይመጣል፤ በዚህች ቀዳዳ ያልፍና ቁልቁል መውረዱን ይቀጥላል፤ ታች ያርፋል። ከቡትሱ የተነሳው ሽቅብ ይመጣና ላይ ያርፋል። በጠባብ በር ላይ ተላለፉ ማለት ነው። የእኔም ቱቦ ይኸው ነው፤ ከላይ የመጣውና ከታች የመጣው ብርሃን በመስታወቱ ፊት ተላልፎ ይሄዳል። ቀዳዳዋ ግን የምታስገባው ጥቂት ብርሃን ስለሆነ ደብዛዛ ነው፤ ገበቴው ብዙ ይይዛል።»

«ምልክት አይደለም ማለትሽ ነው?» አሉ አባ።

«እርስዎም ቢያልፉ ይገለበጣሉ፣ አባ።»

«ሚስቴም ተገልብጣለች» አለ ሞላ። «እሷ ምን አደረገች?»

አባ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ያሳዝኑ ነበር፤ ተስፋቸውን ከእጃቸው የነጠቅናቸው ያህል ተሰማኝ። ከዚያ ቀስ ብለው «ብርሃን ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያዘዘው ማነው?» አሉ።

«እሱን አላውቅም፣ አባ።»

«እኔ አውቃለሁ» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነው ያየሁት። «ዳንሽ እኮ» አልኳት። «ካድሬውን አስጠሪው። የገዛ እስር ቤቱ ግድግዳ መስክሮልሻል።»

መነጽሯን በእጇ አንጓ ገፋች። «ካየው ቀዳዳውን ይደፍነዋል።»

«ይድፈነዋ።»

«የእኔ አይደለም፣ ጋሼ አበጀ። የእነሱ ነው።»

ተናደድኩ። ለአንዲት የምስማር ቀዳዳ ብለሽ ልትሞቺ ነው ወይ፣ እኔንስ ልታስገድይኝ ነው ወይ አልኳት። እሷ ግን ሞላን አላየችውም። እንዲፈቅድላት እንኳ በዓይኗ አልለመነችውም። ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ በእንዲህ ያለ ሰዓት ዓይኑን የሚገዛ ሰው ግን ሌላ አላየሁም። ቀኑ አለፈ። ዓርብ ጠዋት ግድግዳው እንደገና ሲበራ የሞላ ሚስት ስንቋን አንጠልጥላ በጭንቅላቷ ብቅ አለች። ሞላ ግድግዳው ሥር ሄዶ ቆመ። ከዳር እስከ ዳር እስክታልፍ ተከተላት። ካለፈች በኋላ ሳይዞር «ጥሩት» አለ። «አንድ ቀን በእግሯ ስትሄድ አያታለሁ።»

በሩን የደበደቡት አባ ናቸው።

ጓድ ታደለ እያጉረመረመ ገባ። ጽጌ «በሩን ይዝጉትና ትንሽ ይታገሡ» አለችው። ከእስረኛ ጋር ጨለማ ውስጥ መቆሙ አላማረውም፤ እጁን ሽጉጡ ላይ አደረገ። ከዚያ ግድግዳው መጣ። እጁ ከሽጉጡ ላይ ሲወርድ ሰማሁት።

«ውጪ ያለው ጥበቃ አደባባዩን ይሻገር» አለች። ጮኾ አዘዘው። ጥበቃው ጠመንጃውን እንዳነገበ በጭንቅላቱ እየተራመደ ግድግዳው ላይ አለፈ።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኛ ከገባን ጀምሮ» አሉ አባ።

«ለምን አላመለከታችሁም?»

«ለማን?» አለ ሞላ።

ጽጌ ስለ ቀዳዳዋና ስለ ብርሃኑ ለእኛ የነገረችንን ነገረችው። ከዚያ «ጓድ፣ ቤቱ የመንግሥት ነው። ቱቦዬ ጥፋተኛ ከሆነ ይህ ቤትም ጥፋተኛ ነው። ሁለቱም ሁሉንም እኩል ነው የሚገለብጡት፤ ባላባትም ይሁን ጭሰኛ» አለች።

«መደብ አይለይም ማለት ነው?»

«አይለይም።»

ያን ቃል እንዳገኘ ትከሻው ወረደ። ለበላዮቹ የሚናገረው አግኝቷል። «እናንተ ሁለታችሁ ሂዱ» አለን። ለጥበቃው ደግሞ «ይህን ቀዳዳ አሁኑኑ በጭቃ ድፈነው» አለው።

እኔ በሩ ጋ ደርሻለሁ። ጽጌ አልተነቃነቀችም።

«ጓድ፣ ያለቻቸውን መስኮት ወሰዱባቸው። ዛሬ ማታ ያውጧቸውና ጨረቃን ይዩ።»

«እስረኞችን?»

«ጨረቃ ላይ አያመልጡም።»

 አሁን አበላሸችው አልኩ። ካድሬው ምስሉ የነበረበትን ግድግዳ ዞሮ አየው፤ «ከሁለት ጥበቃ ጋር» አለና ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልጨርሰው። ሞላ የገና በዓል እስኪቃረብ ታስሮ ተፈታ። አባ ወደ ገነተ ማርያም ተመልሰው እዚያው አረፉ። ጽጌን ወደ ደሴ መልሰው አዛወሯት፤ ቱቦዋን ጭነት መኪና ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ላሊበላ ውስጥ አሁን እሷን የሚያስታውስ ብትፈልግ የጠላ ሻጯ ልጅና እኔ ነን።

ያን ዓርብ ምሽት ግን ሁሉም ነበር። ግማሽ ጨረቃ ከራሳችን በላይ ቆማለች። ተማሪው፣ ወላጁ፣ ጠላ ሻጯ፣ መድፍ ነው ያለው ከተሜ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰልፏል። ጽጌ መጀመሪያ አባን አቀረበቻቸው። አባ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ቀና ብለው አማተቡ፣ እንደገና አዩ። «ፊቷ ፈንጣጣ እንደ ያዘው ሰው ነው» አሉ። «ስንት ዘመን ቆንጆ ናት ስንል!» ሞላ ቀጠለ። አይቶ ሲነሳ ለማንም ሳይሆን «ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ነበረች» አለ።

ሦስተኛው ጓድ ታደለ ነበር። ጎንበስ አለ።  አልተነሳም። ሰልፉ ከኋላው ይጠብቃል፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ሴቶች ይነጫነጫሉ፤ እሱን ግን ተነስ የሚል የለም። በዚያ ዘመን ካድሬ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ የሚነሳው ራሱ ሲፈልግ ነው። ጥበቃዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጽጌ ከጎኑ መጣችና እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

«ይበቃዎታል፣ ጓድ። ሰው ይጠብቃል።»

 አንደኛው ጥበቃ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ጓድ ታደለ ቀና አለ። እጇን አየ፣ ፊቷን አየ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከጠላ ሻጯ በስተኋላ ቆመ።

ቱቦውን እንደገና ወደ ጨረቃዋ አስተካከለችና «ጋሼ አበጀ፣ እርስዎ ይምጡ» አለችኝ።

ዓይኔን ሳስጠጋ ማጉያው ገና የካድሬው ሙቀት ነበረው። አየሁ። ድንጋይ ነው። እኔ ድንጋይ አውቃለሁ፤ ስብርባሪውን፣ ጠርዙን፣ ጥላው ጎድጓዳ ውስጥ ሲወድቅ የሚያሳየውን ጥልቀት። ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት ዳር ጨለማው ውስጥ የተራሮች ጫፍ ብቻ ፀሐይ ነክቷቸው ይበራሉ፤ ጧት አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ እንደማየው። ማንም አልጠረበውም፣ ማንም ባለቤት ነኝ አላለውም፣ ማንም ሥዕል አላቆመበትም።  እያየሁት ቀስ እያለ ወደ ዳር ተንሸራተተና ከማጉያው ወጣ።

«ሄደችብኝ» አልኳት።

«እሷ አይደለችም የሄደችው» አለች ከጆሮዬ አጠገብ። «እኛ ነን።»

የቱቦውን እግር ጨበጥኩ። እግሬ ሥር ያለው የላስታ ድንጋይ፣ አባንም፣ ሞላንም፣ ከሰልፉ ኋላ የቆመውን ካድሬም፣ እሷንም እኔንም እንደ ጫነ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይሄድ ነበር።